አበባው በስንት ሰዓት ይከፈታል? የአቮካዶ ዝርያዎችን አጣምሮ ለመትከል የንጽጽር መመሪያ

የእናቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ወይዘሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠርተውኝ ጓሯቸው ያለውን አቮካዶ አሳዩኝ። ዛፉ ከጫፍ እስከ ታች ከማበቡ የተነሣ ቅጠሉ በቅጡ አይታይም ነበር። «በየዓመቱ እንዲህ እንደ ሙሽራ ያጌጣል፤ ፍሬው ግን በእጅ ጣት ይቆጠራል» አሉኝ። ማዳበሪያ ጨምረውለታል፣ በበጋ ውሃ አጠጥተውታል፤ ደንግጦ ያፈራል ብሎ ግንዱን በገጀራ ጫር ጫር ያደረገላቸው ሰውም ነበር። ችግኙን የሸጠላቸው ሰው «ሀስ ነው፣ አንድ ይበቃዎታል» ብሏቸዋል፤ ሀስ የአቮካዶ ዝርያ ስም ነው። ዛፉ ግን አልታመመም፣ አልተራበም። ያጣው ሰዓቱ የሚገጥምለት ሌላ ዛፍ ነው።

ችግኝ የሚገዛ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ፍሬው ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ በስንት ዓመቱ እንደሚደርስና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። አበባው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ከሻጮችም መልሱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ይሁንና በአቮካዶ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ መቅደም የሚገባው ይህ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚነጻጸሩት ነጠላ ዝርያዎች ብቻ ሳይሆኑ ጥምረቶችም ናቸው፤ ማለትም የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል ቁጥርና ለየትኛው አካባቢ እንደሚመረጥ ይታያል።

አበባው የሚያደርገው

አቮካዶ ከቀረፋ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ዛፍ ነው። አበባው ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን ስፋቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ በእያንዳንዱ አበባ ውስጥም ወንዴውና ሴቴው ክፍል አብረው አሉ። እንዲህ ከሆነ ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል የሚከለክለው ምንድን ነው ያሰኛል። የሚከለክለው ሰዓት ነው። እያንዳንዱ አበባ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግስቱ ዳግም ሲከፈት ወንድ ሆኖ ነው።

ዝርያዎቹ በሁለት የሚከፈሉት ይህ መከፈት በሚውልበት ሰዓት ነው። ኤ የሚባለው ዓይነት አበባ ጠዋት ከ3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ሴት ሆኖ ይቆይና ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሌሊቱንና የማግስቱን ጠዋት ተዘግቶ አሳልፎ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ቢ የሚባለው ዓይነት ግን ሴት ሆኖ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ገደማ እስከ ምሽት ሲሆን፣ አንድ ሌሊት ብቻ ተዘግቶ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናል። በአንድ ዛፍ ላይ ያሉት አበቦች፣ አልፎም የአንድ ዝርያ ዛፎች ሁሉ፣ ይህን ሰዓት አንድ ላይ ይጠብቃሉ፤ በመሆኑም የሀስ ዛፍ አጠገብ ሌላ ሀስ ቢተከል ሁለቱም ጠዋት ሴት፣ ሁለቱም ከሰዓት በኋላ ወንድ ናቸው። ኤ እና ቢ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ጠዋት የቢ ወንድ ለኤ ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኤ ወንድ ለቢ ሴት ብናኝ ይሰጣል።

ይህን በዓይን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በወይዘሮዋ ጓሮ አንዲት ሊከፈት የተቃረበ እምቡጥ መርጬ ከሥሯ ቀይ ክር አሰርሁ። በሴትነቷ ሰዓት ዘጠኙ ወንዴ ዘንጎች ከመሐል ርቀው በአበባው ቅጠሎች ላይ ተጋድመው ነበር፤ መሐል ላይ ብቻዋን የቆመችው ሴቴ ጫፏ ነጭና እርጥብ ነው። በማግስቱ ያቺው አበባ ስትከፈት ትንሽ ሰፍታለች፤ ዘንጎቹ ተነሥተው ሴቴዋን እንደ አጥር ከብበዋታል፤ በየዘንጉ ጫፍ ያሉት አራት ጥቃቅን ክዳኖች እንደ መስኮት መዝጊያ ወደ ላይ ተገልብጠው ቢጫ ብናኝ ይዘዋል። የሴቴዋ ጫፍ ግን በዚህ ጊዜ ደርቃ ጠቆር ብላለች። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ አይሳሳተውም።

ቁጥሩን በሚመለከት፣ አንድ ትልቅ ዛፍ በአንድ ወቅት እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ አበባ ሊያወጣ ሲችል ለለቀማ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ፍሬ ነው። ስለዚህ የአበባ መርገፍ ብቻውን የችግር ምልክት አይደለም፤ ከሺህ አበባ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢይዙ ዛፉ ሞላ ማለት ነው። ችግሩ ያ አንዱም ሲቀር ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የመዘንሁባቸው መመዘኛዎች አምስት ሲሆኑ እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚጥሉና የሚያሳልፉ ናቸው፤ የተቀሩት ካለፉት መካከል ለመምረጥ ያገለግላሉ።

አንደኛው የአበባው ዓይነት ነው። ዋናው ዛፍ ኤ ከሆነ አጋሩ ቢ መሆን አለበት። ሁለተኛው የማበቢያ ወቅት ነው፤ ዓይነታቸው ቢለያይም አንዱ አብቦ ከጨረሰ በኋላ ሌላው የሚጀምር ከሆነ መለያየታቸው ምንም አይጠቅምም። ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ ማበብ አይጠበቅባቸውም፤ የዋናው ዛፍ አበባ በሚበዛባቸው ሳምንታት አጋሩም በአበባ ላይ መሆኑ በቂ ነው።

ሦስተኛው የአየሩ ቅዝቃዜ ሲሆን፣ በደጋና በወይና ደጋ ለሚተክል ሰው ከሁሉም በላይ አሳሳቢው እርሱ ነው። ከላይ የተገለጸው ሰዓት የሚጠበቀው ሞቅ ባለ አየር ነው። በአበባ ወቅት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየወረደ ቀኑም ሳይሞቅ ሲውል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ጠዋት መከፈት የነበረበት ከሰዓት በኋላ ይከፈታል፣ የብናኙም ሥራ ይዘገያል። በዚህ የሚጎዱት በተለይ የቢ ዝርያዎች ናቸው፤ ቅዝቃዜው ሲጠና የሴትነት ሰዓታቸውን ጨርሰው ዘለው ወንድ ብቻ ሆነው የሚከፈቱበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል መጠነኛ መንሸራተት ጥቅምም አለው፤ ሰዓቱ ሲዛነፍ በአንዱ ዛፍ ላይ የሴትና የወንድ አበቦች ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ሆነው ይገኛሉ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ጥቂት የሚያፈራውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው የአጋሩ ፍሬ ራሱ የሚሸጥ መሆኑ ነው፤ ብናኝ ብቻ ሰጥቶ ቦታ የሚይዝ ዛፍ ለባለ ትንሽ መሬት ውድ ነው። አምስተኛው የዛፉ ቁመናና ዓመታዊ ጠባዩ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ወይም ወደ ጎን የሚንሰራፋ፣ በየዓመቱ የሚያፈራ ወይም አንድ ዓመት አፍርቶ አንድ ዓመት የሚያርፍ ሊሆን ይችላል።

ከመመዘኛዎቹ ሆን ብዬ ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። «የሌላ ዝርያ ብናኝ ሀሱን ያበላሸዋል» የሚል ስጋት በገበሬውም በነጋዴውም ዘንድ ይሰማል። ይህ መሠረት የለውም። የፍሬው ልጣጭና ሥጋ የእናት ዛፉ ነው፤ ከሌላው ዝርያ የሚመጣው ባሕርይ የሚያርፈው በዘሩ ውስጥ ነው። የሀስ ዛፍ በማንም ብናኝ ቢያዝ የሚያፈራው ሀስ ነው፤ ያን ዘር የተከለ ሰው ብቻ ሌላ ነገር ያገኛል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ሀስ ብቻውን።* ሀስ ኤ ነው። ስሙን ያገኘው በካሊፎርኒያ፣ ላ ሀብራ ሃይትስ በምትባል ስፍራ ይኖር ከነበረው ሩዶልፍ ሀስ ከተባለ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ሰውየው ዝርያውን በእ.ኤ.አ. 1935 በባለቤትነት አስመዝግቧል። በዓለም ገበያ የሚበዛው አቮካዶ ይኸው ሸካራ ልጣጭ ያለውና ሲበስል የሚጠቁረው ነው። ከደረሰ በኋላ በዛፉ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቱና መንገድ መቻሉ ተፈላጊ አድርጎታል፤ በምዕራብ ጎጃም ከቆጋ መስኖ ወደ አውሮፓ የተላከውም ሀስ ነው።

ሀስ ብቻውን ከተተከለ ፈጽሞ አያፈራም ማለት ስሕተት ነው። በሜክሲኮ ሚቾአካን ሀስ ብቻ የሸፈነው መሬት እጅግ ሰፊ ሲሆን ያፈራል። በካሊፎርኒያ የተደረጉ ምርምሮችም ቢ ዛፍ መጨመር የሚያስገኘውን ጥቅም በተመለከተ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም፤ በአንዱ እርሻ በግልጽ ሲታይ በሌላው ደብዝዟል። በእስራኤል ግን ቢ ዛፍ በሀስ መሐል መትከል የተለመደ አሠራር ሆኗል፤ ከሌላ ዝርያ ብናኝ ያገኙ ፍሬዎች ከመርገፍ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑ እዚያ በተደጋጋሚ ታይቷል። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ በሄክታር ሁለት መቶ ዛፍ የሚተክልና በአካባቢው አየሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ሰው ሀስ ብቻ ተክሎ ሊከናወንለት ይችላል፤ አንድ ወይም ሁለት ዛፍ ብቻ የሚተክል ሰው ግን በዕድል ላይ መተማመኑ ነው።

*ሀስ ከኢቲንገር።* ኢቲንገር ቢ ሲሆን ቀጥሎ ከሚታየው ከፉዌርቴ ዘር በእስራኤል የተገኘ ዝርያ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት የተዳቀሉ (በቀንበጥ የተጣበቁ) ዝርያዎች መካከል በስፋት የሚታወቅ ስለሆነ ችግኙን ማግኘት ከሌሎቹ ቢ ዝርያዎች ይቀላል። ከሀስ ጋር ሰፊ የአበባ ጊዜ ይጋራል፤ ብናኙ ለሀስ ተስማሚ መሆኑ ከላይ በተጠቀሰው የእስራኤል ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው። ዛፉ ብርቱና ቀጥ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ በረድፍ መሐል ብዙ ቦታ አይሻማም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርም በየዓመቱ የማፍራት ጠባይ አለው።

ድክመቱ ከፍሬው ላይ ነው። ልጣጩ ቀጭን፣ ለስላሳና አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ሲሆን ዘሩም ትልቅ ነው። በቶሎ ስለሚላላጥና ስለሚጠቁር ለሩቅ መንገድ አይመችም። ለአካባቢ ገበያና ለጭማቂ ቤት ግን ምንም አይወጣለትም፤ እንዲያውም ከሀስ ቀድሞ ስለሚደርስ ገበያው ገና ባልሞላበት ጊዜ ይሸጣል። በቅዝቃዜ ጊዜ ደግሞ ዘር የሌላቸው፣ ጣት የሚያህሉ፣ ኪያር መሰል ትናንሽ ፍሬዎች ያወጣል። እነዚህን ያየ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት እንዳይረጭ አሳስባለሁ፤ በአበባው ሰዓት ርክበ ብናኙ በቅጡ እንዳልተከናወነ የሚነግሩ ምልክቶች ናቸው።

*ሀስ ከፉዌርቴ።* ፉዌርቴም ቢ ነው። ቀንበጡ በእ.ኤ.አ. 1911 ከሜክሲኮ፣ አትሊክስኮ ከምትባል ከተማ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደ ሲሆን፣ በ1913 የወረደው ከባድ ውርጭ ሌሎቹን ሲፈጅ እርሱ በመትረፉ በስፓኒሽ «ብርቱ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ሰምቶ ለደጋ የሚመርጠው ሰው ግን ይሳሳታል፤ ብርታቱ የግንዱና የቅጠሉ እንጂ የአበባው አይደለም። አበባው በሚከፈትበት ጊዜ አየሩ ሲቀዘቅዝ ፍሬ ከመያዝ ከሚሰንፉት ዝርያዎች ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። በዚያ ላይ አንድ ዓመት በብዛት አፍርቶ በቀጣዩ የማረፍ ጠባዩ የጎላ ሲሆን፣ ወደ ጎን ስለሚንሰራፋ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

እነዚህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ለራሴ ማዕድ የምመርጠው ፉዌርቴን መሆኑን አልደብቅም። ሥጋው ቅባታም፣ ጣዕሙም ሙሉ ነው። የአበባ ጊዜው ረጅም ስለሆነም በሞቃታማ ወይና ደጋ ለሀስ ጥሩ አጋር ይሆናል። ቦታ ያለውና ዓመት ማሳለፉን የሚታገሥ ሰው ሊተክለው ይችላል።

*ሀስ ከባኮን።* ባኮን ቢ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግና ቅዝቃዜን ከሚችሉት አንዱ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ልጣጭ ያለው፣ ቅባቱ ያነሰና ጣዕሙ ለዘብ ያለ ነው። ለብናኝ ሲባል ብቻ የሚተከል ዛፍ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ከፍ ባለ ቦታ ሀስ የተከለና ኢቲንገር አልሆን ያለው ሰው ቢሞክረው መልካም ነው፤ ከዚያ ውጪ ለምን እንደሚመረጥ አይታየኝም።

*ሪድ ከናባል።* ይህ ጥምረት ሀስን የተወ ነው። ሪድ ኤ፣ ናባል ቢ ሲሆኑ ሁለቱም ክብ፣ ትልቅና አረንጓዴ ፍሬ ያፈራሉ፤ ሁለቱም ከሀስ ዘግይተው የሚያብቡና የሚደርሱ በመሆናቸው እርስ በርስ ይግባባሉ። ሪድ ቀጥ ያለ ቁመና ያለው፣ በጠባብ ቦታ የሚስማማና ደህና የሚያፈራ ዛፍ ነው፤ ናባል ዓመት ያሳልፋል። የፍሬው መጠን ለቤት ፍጆታና ለጭማቂ ቤት የሚያስደስት ሲሆን ለውጭ ገበያ ግን ተፈላጊ አይደለም። ናባልን ለሀስ ብናኝ ሰጪ ብሎ መግዛት አይመከርም፤ ዓይነቱ ቢ ቢሆንም ሁለተኛውን መመዘኛ ለማለፍ የአበባ ወቅቱ ይዘገያል።

ፒንከርተንም በችግኝ ጣቢያዎች ይገኛል። ኤ በመሆኑ ለሀስ ምንም አይፈይድም፤ ከሀስ ጋር ሆኖ የሚጠብቀውም ያንኑ የቢ ዛፍ ነው። ዘሩ ትንሽ፣ ምርቱ ብዙ ስለሆነ ራሱን ችሎ እንደ ዋና ዛፍ ሊመረጥ ይችላል።

*የአገር አቮካዶ እንደ አጋር።* አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በእ.ኤ.አ. 1938 በሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታና በጅማ በየጓሮው ከዘር የበቀለው ዛፍ ብዙ ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ዝርያ እንደማለት ነው፤ አንዱ ኤ፣ ጎረቤቱ ቢ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን አይቶ መለየትም አይቻልም። የሚለየው በክርና በሰዓት ነው። የተለያየ ዛፍ ተሰባጥሮ በሚገኝባቸው በእነዚህ አካባቢዎች አቮካዶ ያለ ማንም ምክር ሞልቶ የሚያፈራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ችግሩ የጎላው አንድ ዓይነት የተዳቀለ ችግኝ ብቻ ወደ አዲስ ቦታ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛት በፊት የጎረቤትን ዛፍ ማየት ገንዘብ ያድናል። በአጥር ማዶ ቢ የሆነና ከሀስ ጋር አብሮ የሚያብብ የአገር ዛፍ ካለ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

*በአንድ ግንድ ሁለት ዝርያ።* አንድ ጉድጓድ ብቻ ላለው የከተማ ግቢ የቀረው መንገድ ይህ ነው። ከታች ሥሩን በሚሰጠው የአገር አቮካዶ ላይ ሀስ ከተጣበቀና ከጸና በኋላ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የኢቲንገር ቀንበጥ ይጣበቃል። ኢቲንገሩ ብርቱ ስለሆነ በየዓመቱ ካልተገረዘ ሀሱን ይውጠዋል። ከኢቲንገሩ ወገን የሚፈለገው የዛፉ አንድ አራተኛ ቢሆን ነው።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የአበባ ዓይነት | የአበባ ወቅት መገጣጠም | በቀዝቃዛ አካባቢ | የአጋሩ ፍሬ በገበያ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀስ ብቻ | ኤ | የለም | እንደ አየሩ መለዋወጥ | የለም | ለሰፊ እርሻ፣ ሌላ ችግኝ ለማይገኝበት |
| ሀስ + ኢቲንገር | ኤ + ቢ | ጥሩ | መካከለኛ | ለአካባቢ ገበያ ጥሩ | ለአብዛኛው ተካይ |
| ሀስ + ፉዌርቴ | ኤ + ቢ | ጥሩ | ደካማ | ጥሩ፣ ግን ዓመት ያሳልፋል | ሰፊ ቦታና ሞቃታማ ወይና ደጋ |
| ሀስ + ባኮን | ኤ + ቢ | ጥሩ | የተሻለ | ዝቅተኛ | ከፍ ላለ ቦታ |
| ሪድ + ናባል | ኤ + ቢ | ጥሩ፣ ሁለቱም ዘግይተው | መካከለኛ | ለጭማቂና ለቤት | ትልቅ ፍሬ ለሚፈልግ |
| ሀስ + የአገር ዛፍ | ኤ + በማየት የሚታወቅ | በማየት የሚታወቅ | አካባቢውን የለመደ | እንደ ዛፉ | ለዝቅተኛ በጀት |
| ሁለት ዝርያ በአንድ ግንድ | ኤ + ቢ | እንደ ጥምረቱ | እንደ ጥምረቱ | ትንሽ | ለአንድ ዛፍ ግቢ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ለሽያጭ የሚተክል ሰው ስለ ቁጥሩ ቢጨነቅ ተገቢ ነው። በ7 በ7 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 204 ያህል ዛፍ ይይዛል። ከየሦስተኛው ረድፍ የየሦስተኛው ዛፍ ቦታ ለቢ ቢሰጥ ከዘጠኝ ዛፍ አንዱ፣ ማለትም 22 ወይም 23 ያህል ኢቲንገር ይሆንና እያንዳንዱ ሀስ በጎን ወይም በሰያፍ አንድ ኢቲንገር ይጎራበታል። ብናኝ ከሰጪው ዛፍ ሁለትና ሦስት ረድፍ ሲርቅ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አንዳንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት ኢቲንገሩን ሁሉ በእርሻው ዳር ዳር መደርደር ለመሐሉ ብዙም አይጠቅምም። ለውጭ ገበያ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ፍሬዎች በለቀማ ጊዜ እንዳይቀላቅል ግንዶቹን በቀለም ይለይ።

ዘጠኝ ችግኝ ብቻ የሚተክል አርሶ አደር ደግሞ ይህንኑ ስሌት ያለ ሒሳብ ያገኘዋል፤ ስምንት ሀስ ዙሪያውን፣ አንድ ኢቲንገር መሐል። ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው አንድ ሀስና አንድ ኢቲንገር ያድርግ። በጀቱ ለአንድ የተዳቀለ ችግኝ ብቻ የሚበቃው ሰው ሀሱን ገዝቶ አጋሩን ከጎረቤት አጥር ይፈልግ፤ ካላገኘ አንድ የአገር አቮካዶ ከዘር አፍልቶ፣ በኋላ የቢ ቀንበጥ ሊያጣብቅበት ይችላል። ይህ መንገድ ዓመታት ይወስዳል፣ ዋጋው ግን ትዕግሥት ብቻ ነው።

ፍሬውን ለዘይት የሚሸጥ፣ ለምሳሌ ይርጋለም ካለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር የሚሠራ ገበሬ ሀስንና ፉዌርቴን ቢያጣምር ሁለቱም ቅባታሞች ስለሆኑ ከባኮን ይሻለዋል፤ አካባቢው ሞቃታማ መሆኑን ግን አስቀድሞ ይመልከት።

የትኛውም ጥምረት ያለ ንብ አይሠራም። የአቮካዶ ብናኝ የሚያጣብቅና ከባድ ስለሆነ ነፋስ ብዙ አይረዳውም፤ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ንብ፣ ዝንብና ሌላው በራሪ ነፍሳት ነው። ንብ ደግሞ የአቮካዶን አበባ አስበልጦ አይወድም፤ ብርቱካን ወይም ሌላ ማር የሚበዛበት አበባ በአካባቢው ካለ ወደዚያ ያዘነብላል። በመሆኑም ሰፊ እርሻ ያለው ሰው በአበባ ወቅት በሄክታር ከ5 እስከ 8 ቀፎ ወደ መሐል ቢያስገባ ይመከራል፤ ቀፎውም መግባት ያለበት አበባው ከጀመረ በኋላ እንጂ ንቦቹ ሌላ አበባ ከለመዱ በኋላ አይደለም። ጫት የሚያለማ ጎረቤት ያለው ሰው መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በአበባ ሳምንት የተረጨ ፀረ ተባይ የኢቲንገርን ጥቅም ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል።

ከመግዛትና ከመትከል ጋር የተያያዘ አንድ ጥንቃቄ

ችግኝ ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት በአንድ ክረምት ይጠፋል፤ ሁሉም ቅጠል ደግሞ ለገዢው አንድ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ቀንበጡ ከየትኛው እናት ዛፍ ተቆረጠ?» ብሎ መጠየቅና ከተቻለ ያን ዛፍ ማየት ይገባል። የተዳቀለ ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ሲያብብ ደግሞ የተባለውን ማረጋገጥ የገዢው ፋንታ ነው። ፀሐያማ ቀን ተመርጦ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ክፍት የሆኑት አበቦች ዘንጎቻቸው ተጋድመው ወይም ቆመው መሆኑ ይታያል። ጠዋት የተጋደመ ኤ፣ ጠዋት የቆመ ቢ ነው። ደመናማ ወይም ብርዳማ ቀን ላይ የታየውን አለመቀበል ይሻላል።

ወደ ወይዘሮዋ ጓሮ ልመለስ። ዛፉ ሀስ ነው ስለተባለ ኢቲንገር ላመጣላቸው አስቤ ነበር። ቀይ ክር ያሰርሁባት አበባ ግን ሴት ሆና የተከፈተችው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በማግስቱ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ሳለ ወንድ ሆና ቆየችን። ፍሬው ሲበስል ይጠቁር እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ አረንጓዴውን ነው የምንበላው» አሉ። ሀስ ተብሎ የተሸጠላቸው ዛፍ ቢ ነበር፤ ኢቲንገር ባመጣላቸው ኖሮ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ይኖሯቸው ነበር። ከአጥሩ ሥር የተከልንላቸው እውነተኛ ሀስ አሁን ቁመቱ ከወገባቸው አልፏል፤ ገና አላበበም።